የሁለት ቀን ሃካቶናችን፦ ስለ ብሎክቼይን፣ ስለተገናኙ መሣሪያዎችና ስለ አንዲት የቀዝቃዛ ሣጥን



በዚህ የትምህርት ዘመን አጋማሽ ላይ አምስት የሳይንስ ክበብ አባላት አንድ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ ገቡ። «ቲቸር፣ በኢንተርኔት በሚካሄድ ሃካቶን ልንወዳደር ነው፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያስፈልገናል» አሉኝ። የውድድሩ ርእስ «ብሎክቼይንና የተገናኙ መሣሪያዎች» ይላል። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ቃል ከቢትኮይን ጋር እንጂ ለብቻው ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማኅተሙንም አልሰጠኋቸውም። ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ወላጅ «ገንዘብህ በወር እጥፍ ይሆናል» የሚል የቴሌግራም መልእክት አምነው ለልጃቸው የትምህርት ክፍያ ያስቀመጡትን መበላታቸውን አጫውተውኝ ስለነበር ቃሉ ራሱ ያስፈራኝ ነበር።

ልጆቹ በማግስቱ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ የከለከላቸው እኔ አልነበርኩም፤ የውድድሩ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተወዳዳሪ አይቀበልም። እነሱ ደግሞ የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ፊታቸውን ሳይ አንጀቴ አልቻለም። «እንግዲያው ውድድሩን እዚሁ እናድርገው። ሁለት ቀን እሰጣችኋለሁ፤ እስከዚያ እኔም ላጥና» አልኳቸው። ከዚህ በታች የማቀርበው ያጠናሁትንና በእነዚያ ሁለት ቀናት ከልጆቹ የተማርኩትን ነው።

ሃካቶን «ሀክ» እና «ማራቶን» ከሚሉት ቃላት የተሠራ ስም ነው። ሀክ ማድረግ እዚህ ላይ የሰው አካውንት ሰብሮ መግባት ማለት አይደለም፤ በእጅ ባለው ዕቃና ዕውቀት ቶሎ ብሎ መፍትሔ መሥራት ማለት ነው። ስሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጁን 1999 ኦፕንቢኤስዲ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚሠሩ ጥቂት ባለሙያዎች በካናዳ ካልጋሪ ከተማ ተሰብስበው አብረው በሠሩበት ጊዜ ነው። ዛሬ በየአገሩ ይካሄዳል። ጊዜው ሃያ አራት ሰዓት ወይም ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ቡድኖች ችግር ይመርጣሉ፣ የሚሠራ ሙከራ ይገጣጥማሉ፣ በመጨረሻ ቆመው ለዳኞች ያስረዳሉ።

ልጆቻችን መጀመሪያ ያመጡት ሐሳብ «የዓለምን ንግድ የሚቀይር መተግበሪያ» የሚል ነበር። ችግሩ የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው መልስ አጡ። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ከአንዱ ልጅ ቤት መጣ። አያቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊናቸው አንዳንድ ጊዜ ከድሬዳዋ በሚመጣ ዘመድ እጅ ይደርሳቸዋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አብዛኞቹ ክትባቶችም እንዲሁ። የጅቡቲ በጋ ደግሞ ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። መድኃኒቱ መንገድ ላይ ሞቆ ቢመጣ ብልቃጡን በዓይን አይቶ ማወቅ ሁልጊዜ አይቻልም። ልጁ የጠየቀው ይህንኑ ነው፦ «ሣጥኑ መንገድ ላይ ሞቆ እንደነበር አያቴ በምን ታውቃለች?»

ጥያቄው የሰፈራችንም ጥያቄ ነው። ፔካ 12 ስሟን ያገኘችው ከከተማው ባላት የ12 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ከወደብ ወደ ኢትዮጵያ የሚወጣው ከባድ መኪና በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ ባቡሩም ሩቅ ባልሆነው ነጋድ ጣቢያ ይቆማል። ከተማሪዎቻችን መካከል አባቱ ሹፌር የሆነ ብዙ ነው። «ዕቃው መንገድ ላይ ምን ደረሰበት? ማን ከፈተው? መቼ?» የሚለው ክርክር እቤታቸው እራት ላይ የሚነሣ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። ብሎክቼይን የገጾች ሰንሰለት ነው ብላችሁ ያዙት። እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ጽሑፍ ይይዛል፤ በተጨማሪም ከበፊቱ ገጽ የወጣ አንድ የማኅተም ቁጥር ይይዛል። ኮምፒዩተር ሳንከፍት በጠመኔ ሞከርነው። ሣጥኑ በየሰዓቱ የሚለካውን ሙቀት እንጽፋለን። ማኅተሙን የምናወጣበት ደንብ ደግሞ ይህ ነው፦ የበፊቱን ገጽ ማኅተም በ7 አባዛ፤ የአሁኑን ሙቀት በ13 አባዛ፤ ሁለቱን ደምር፤ ድምሩን ለ97 አካፍል፤ ቀሪው ማኅተም ነው።

የመጀመሪያው ገጽ 5 ዲግሪ ነው። ከበፊቱ ምንም ስለሌለ 13 ጊዜ 5፣ 65 ይሆናል፤ ማኅተሙ 65 ነው። ሁለተኛው ገጽ 6 ዲግሪ ነው፤ 7 ጊዜ 65፣ 455፤ 13 ጊዜ 6፣ 78፤ ድምሩ 533 ሲሆን ለ97 ሲካፈል ቀሪው 48 ነው። ሦስተኛው ገጽ 11 ዲግሪ ይላል፤ መድኃኒቱ የሞቀው እዚህ ጋ ነው። 336 ሲደመር 143፣ 479፤ ቀሪው 91። አራተኛው ገጽ 7 ዲግሪ ነው፤ 637 ሲደመር 91፣ 728፤ ቀሪው 49። መንገደኛው ሲደርስ አያትየው የመጨረሻውን ቁጥር 49ን ይዘዋል እንበል።

እንግዲህ አንድ ሰው ያቺን አሳፋሪ 11 ፍቆ 7 ቢያደርጋት ምን ይመጣል? የሦስተኛው ገጽ ማኅተም ከ91 ወደ 39 ይለወጣል። እሱ ሲለወጥ አራተኛውም ሳይነካ ወደ 73 ይሄዳል። አያትየው 49 ይዘው መዝገቡ 73 ካለ፣ የተፋቀ ነገር እንዳለ ምንም ሒሳብ የማያውቅ ሰው እንኳ ያየዋል። ከወደ ኋላ የተሠራ ጥቂት ለውጥ ወደ ፊት ያለውን ሁሉ ያናጋል። የሰንሰለቱ ጥቅም በአጭሩ ይህ ነው።

በዚህ መሐል ከኋላ የተቀመጠ የስምንተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። ደብተሩ ላይ ሲሞክር ቆይቶ፣ አራተኛውን ገጽ ከ7 ወደ 35 ቢለውጠው ማኅተሙ ተመልሶ 49 እንደሚሆን አግኝቷል። ሰሌዳ ላይ አሠራሁት፤ 273 ሲደመር 455፣ 728፤ ትክክል ነው! ክፍሉ ሳቀ፤ 11 ዲግሪን ለመደበቅ 35 ዲግሪ መጻፍ ነበረበትና። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። የእኛ ደንብ 97 ማኅተሞች ብቻ ስላሉት አንድ ልጅ በሩብ ሰዓት ይሰብረዋል። በዓለም ላይ በብዙ የሚሠራበት ኤስኤችኤ 256 የተባለው ደንብ ግን ሊሰጥ የሚችላቸው ማኅተሞች ብዛት 78 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት ማኅተም የሚሰጡ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎችን እስካሁን ያገኘ ሰው አይታወቅም። ልዩነቱ የሐሳብ ሳይሆን የስፋት ነው፤ ሐሳቡን በጠመኔ የተረዳ ተማሪ ዋናውን ተረድቷል።

አንድ ቀዳዳ ግን ቀርቷል። ደብተሩ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ካለ ሰውየው አራቱንም ገጾች ቀዶ ከመጀመሪያ አሳምሮ ሊጽፋቸው ይችላል። ይህን ለወላጆች ለማስረዳት ከእቁብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በእቁብ ጸሐፊው ብቻ መዝገብ ከያዘ ሁሉም በእሱ እምነት ላይ ተንጠልጥሏል። አባላቱ በሙሉ፣ ዳኛውም ጭምር፣ በየሳምንቱ ያንኑ መዝገብ በየደብተራቸው ቢገለብጡ ግን አንዱ ብቻውን ቢፍቅ ሌሎቹ ያጋልጡታል። ብሎክቼይን ቅጂው በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ቀጣዩን ገጽ ማን ይጻፍ በሚለው ላይ አሠራሮቹ ይለያያሉ። ቢትኮይን አስቸጋሪ ስሌት ቀድሞ ለፈታ ይሰጣል፤ አንድ ገጽ በአማካይ 10 ደቂቃ ይወስዳል፣ መብራትም ብዙ ይበላል። ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ ይህን ትቶ ገንዘብ በመያዣነት ላስቀመጡት በዕጣ ይሰጣል።

የታሪክ መምህራችንን በጣም ያስደሰተ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሐሳቡ ከቢትኮይን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1991 ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሰነድን ቀን ማንም እንዳያዛባ በማኅተም የማያያዝን ዘዴ አሳተሙ። ከ1995 ጀምሮም የሳምንቱን ሰነዶች ሁሉ የሚወክለው ማኅተም በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የማስታወቂያ ገጽ ላይ ይወጣ ነበር። ጋዜጣው በየቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ስለሚቀመጥ ያን ሁሉ ቅጂ ሰብስቦ የሚፍቅ የለም። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የወጣው የቢትኮይን ጽሑፍ የመጣው ከዚህ ብዙ ዘግይቶ፣ በኦክቶበር 2008 ነው።

ወደ ሁለተኛው ርእስ ልለፍ። የተገናኘ መሣሪያ ማለት የሚለካ፣ የለካውንም ራሱ በኔትወርክ የሚልክ ዕቃ ነው። ለዚህ ነገር የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ስም ኬቨን አሽተን እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳወጣው ይነገራል። እዚሁ ጅቡቲ የሚያኮራ ምሳሌ አለን። በኖቬምበር 2023 ከካሊፎርኒያ የመጠቀችው ጅቡቲ 1ኤ የተባለችው ትንሽ ሳተላይት ዋና ሥራዋ በአገሪቱ ውስጥ ከተተከሉ የአየር ንብረት መለኪያ ጣቢያዎች መረጃ መሰብሰብ ነው። የጅቡቲ ወጣት መሐንዲሶች ፈረንሳይ ሞንፔልየ ውስጥ ሠርተዋታል። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ የእነሱ ሣጥን የዚያች ታናሽ እህት መሰለቻቸው።

ሣጥኗ ውድ አይደለችም። አንድ የበረዶ ሣጥን፣ ኢኤስፒ 32 የተባለ ዋይፋይ ያለው ርካሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ውሃ የማያስገባ የሙቀት መለኪያ፣ አንድ ፓወር ባንክ። መለኪያው ግማሽ ዲግሪ ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ ከ8 ዲግሪ ብዙም ባልራቀ ቁጥር ላይ ሲሆን ምን እንደሚባል አስቀድሞ መወሰን ነበረባቸው። በረሃ ላይ ኔትወርክ ስለሌለም ልኬቱን በየሰዓቱ ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲያገኝ እንዲልክ አደረጉት። የኮምፒዩተር መምህራችን ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይረዳቸው ከልክዬ ነበር፤ መምህሩም ቢሆን ከሚገባው በላይ እጁን ሳያስገባ አልቀረም። የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ ልኬቱ በአራት ላፕቶፖች ላይ ሰንሰለት ሆኖ ይጻፍ ጀመር። ልጆቹ ጨፈሩ። እኔም ጨፈርኩ።

በሁለተኛው ቀን ለዳኝነት የቀረብነው መምህራን ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ የቡድኑ አባል ያልሆነች፣ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ሣጥኗ ቀረበች። ክዳኑን ከፍታ ፀሐይ ላይ ተወችው። የመለኪያውን ጫፍ ግን አውጥታ ከጎን ባለ የቀዝቃዛ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረችው። ከዚያ ዝም ብላ ቆመች። ቆየት ብሎ በሣጥኑ ውስጥ ያስቀመጥነው የክፍል ቴርሞሜትር 29 ዲግሪ ሲያሳይ፣ አራቱም ላፕቶፖች ላይ 5፣ 5፣ 6፣ 5 የሚሉ ገጾች በትክክለኛ ማኅተም ተያይዘው ተቀምጠዋል። ማንም አልፋቃቸውም፤ ማንምም ሊፍቃቸው አይችልም። ሁሉም ውሸት ናቸው።

ቡድኑ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ ግን የሁለቱን ቀን ትልቅ ትምህርት ያገኘነው ያን ጊዜ ነው እላለሁ። ሰንሰለቱ የተጻፈው እንዳይለወጥ ይጠብቃል፤ ሲጻፍ እውነት መሆኑን ግን አያውቅም። በዚህ መስክ ያሉ ባለሙያዎችም ከውጭው ዓለም ወደ ሰንሰለቱ የሚገባውን መረጃ ማመን ከከባዶቹ ችግሮች አንዱ እንደሆነ ይናገራሉ። መሣሪያው የራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ ኖሮት እያንዳንዱን ልኬት በዲጂታል ፊርማ ቢፈርም፣ ልኬቱ ከዚያ መሣሪያ መምጣቱ ይረጋገጣል፤ ጫፉ ብርጭቆ ውስጥ መሆኑን ግን ፊርማውም አይናገርም። ልጆቹ ከምሳ በኋላ መለኪያውን ከሣጥኑ ግድግዳ ውስጥ አጣበቁት፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚመዘግብ ማብሪያ ማጥፊያም ጨመሩ። ቀዳዳው ጠበበ እንጂ አልተደፈነም፤ ይህንኑ ራሳቸው ቆመው ለዳኞቹ ተናገሩ። ከፍተኛውን ነጥብ የሰጠናቸው ለዚህ ንግግር ነው። ልጅቷንም በቡድኑ ውስጥ አስገቧት።

ይህን ነገር ወደ ራሴ ሥራ ሳመጣው ሌላ መልክ ያዘ። ኢትዮጵያ በዚህ ቴክኖሎጂ ስሟ በዓለም የተነሣው በትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የሚሠራው ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ፤ ያኔ ይወራ የነበረው ቡናን ከእርሻው እስከ ገዢው ስለመከታተል ነበር። በ2019 ኢትዮጵያውያንና ኡጋንዳውያን ሴቶች አዲስ አበባ ላይ ለዚህ ሥራ የሚሆን የፕሮግራም ቋንቋ ተማሩ። በአፕሪል 2021 ደግሞ ድርጅቱና ትምህርት ሚኒስቴር በ3,500 ትምህርት ቤቶች የሚገኙ 5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ውጤት በብሎክቼይን ለመመዝገብ ማቀዳቸው ይፋ ሆነ። 750,000 መምህራንም በዕቅዱ ውስጥ ነበሩ።

ዕቅዱን ሳነብ የጠፋ ሰርተፊኬት የሚፈልጉ፣ ትራንስክሪፕታቸው ይረጋገጥልን ብለው ድንበር የሚመላለሱ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ታወሱኝ። ለእነሱ በስልክ የሚረጋገጥ ውጤት ትልቅ እፎይታ ነው። ወዲያው ግን የውሃው ብርጭቆ ትዝ አለኝ። በወጣትነቴ የክፍል ኃላፊ ሳለሁ የአንዲት ተማሪን 85 ገልብጬ 58 ብዬ ሮስተር ላይ አስፍሬ አውቃለሁ። ልጅቷ ከደረጃዋ ወረደች። እናቷ ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ «መምህር፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» ብቻ አሉ። አይቼ፣ አፍሬ፣ በቀይ አርሜ ፈረምኩ። ያ 58 በሰንሰለት ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ መፋቅ አይቻልም፤ የሚቻለው «የበፊቱ ስሕተት ነው፣ ትክክለኛው 85 ነው» የሚል አዲስ ገጽ መጨመር ነው። ስሕተቴም እርማቴም ለዘላለም ይታያሉ። ይህ ለሐቀኛ ሰው መልካም ነው፤ ግን የማረም ሥልጣን የማን እንደሆነና እናቲቱ የት ሄደው አቤት እንደሚሉ መጀመሪያ መወሰን አለበት። ይህን ደግሞ ኮምፒዩተር አይወስንልንም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ የልጅ ስምና ውጤት ሁሉም በሚያየው መዝገብ ላይ አይጻፍም። የሚቀመጠው የሰነዱ ማኅተም ብቻ ነው፤ ሰነዱ ራሱ ከባለቤቱ ጋር ይቆያል።

ስለ ወደቡ ለጠየቁኝ አባቶች አንድ ምሳሌ ልጨምር። ትሬድሌንስ የተባለው የማርስክና የአይቢኤም ሥርዓት የኮንቴይነርን ሰነድ በብሎክቼይን ለመያዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ጀመረ። በኖቬምበር 2022 እንደሚዘጋ ተነገረ። በተሰጠው መግለጫ መሠረት ምክንያቱ የኢንዱስትሪው ዓለም አቀፍ ትብብር በሚፈለገው መጠን አለመገኘቱ ነው። እቁቡ ተመሠረተ፣ የሚገባ አባል አነሰ ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ብሎክቼይን እየተማርኩ ነው» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ «ገንዘብ ላስገባ» ካላችሁ ግን አቁሙት። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2022 ክሪፕቶ በአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። በሰንሰለት የሚሠራውን ለማወቅ አንድም ሳንቲም አያስፈልግም፤ እኛ ሁለቱን ቀን የጨረስነው በጠመኔ፣ ከቤት በመጡ ላፕቶፖችና በአንድ የበረዶ ሣጥን ነው።

የሚመጣው ዓመት ተወዳዳሪዎች ካሁኑ ሊያስቡበት የሚገባው የችግሩን ባለቤት ነው። የአያትየው ኢንሱሊን ባይኖር ኖሮ አምስቱ ልጆች እስካሁን «የዓለምን ንግድ» ይቀይሩ ነበር። ሁለተኛ፣ በየቡድኑ አንድ ልጅ ሥራውን እንዲያበላሽ ይመደብ፤ የብርጭቆዋን ልጅ የመሰለ ይገኝ። ሣጥኗ በላቦራቶሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ናት፤ ቁልፉ ከኮምፒዩተር መምህሩ ዘንድ ነው። አያትየውም በመጨረሻው ቀን መጥተው አይተዋታል። «ትሠራለች ወይ?» ብለው ሲጠይቁ የልጅ ልጃቸው «ክዳኗን ካልከፈቱባት» አላቸው።

ለክረምቱ የምሰጣችሁ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አራተኛው ገጽ ማኅተሙ 49 ነበር፤ አምስተኛው ገጽ 6 ዲግሪ ቢል ማኅተሙ ስንት ይሆናል? ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ በሦስተኛው ገጽ ላይ 11ን ፍቆ በሌላ ሙሉ ቁጥር ቢተካና ማኅተሙ 91 እንደሆነ ቢቀር፣ ያ ቁጥር ስንት ሊሆን ይችላል? በጅቡቲ ሙቀትስ ቢሆን ያን ቁጥር የሚያምን ሰው ይገኛል? መልሱን በደብተር ሠርታችሁ መስከረም ላይ ቢሮዬ አምጡልኝ።